ዱንጉዛው ስለ ቡራዩ ምን አለ?

መስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በቡራዩና በዙሪያው ሰዎች ተገደሉ፣ ቤቶች ተዘረፉ። ከሟቾቹና ከተፈናቀሉት መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ፤ ሸማ ሠርተው የሚያድሩ ቤተሰቦችም ነበሩበት። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ልጆቹን አንጠልጥሎ ሸሸ፤ አዲስ አበባ ገብቶ በየትምህርት ቤቱ ተጠለለ።

ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ከተማው ጦፈ። ወጣቱ አደባባይ ወጣ። ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን መገመት ከባድ አልነበረም፤ በዚያ ሰሞን በሌሎች ከተሞች የሆነውን ሁሉም አይቷል። አርባ ምንጭ ላይ ግን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ከሚገሰግሰው ወጣት ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሳር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ ጎሜ ነው። ጎሜ ደግሞ ዝም ብሎ ነውር አይደለም፤ ሰውዬውን፣ ቤቱን፣ ከብቱንና መሬቱን ይከተላል ተብሎ የሚፈራ ነገር ነው። ወጣቱ ተመለሰ። በሌላ ከተማ የተፈጸመውን ግፍ አርባ ምንጭ ያለ ንጹሕ ጎረቤት ሳይከፍለው ቀረ።

የዚያ ቀን ፎቶ አገር ምድሩን ዞረ። ሰው ዛሬም ስለ ጋሞ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሣው ያንን ሳር ነው።

አሁን ከዚያ ወዲህ የተሸመነ አንድ ዱንጉዛ እንመልከት። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ክር፤ እንደ ጦር ጫፍ እየሾለ የሚወጣና የሚወርድ ማዕዘን። ቡራዩ የለበትም። ሳሩም የለበትም፣ የተንበረከከ ሰውም የለበትም። የሸማኔውን ወገን ያን ያህል የጎዳ፣ የሽማግሌዎቹንም ስም ያን ያህል ከፍ ያደረገ ነገር በጥለቱ ላይ አንዲት ክር አላስቀየረም።

ይህን ዝምታ እንደ ጥፋት የሚቆጥሩ አሉ። ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። አገር እየነደደ ጥለት መደርደር ምን ይባላል? ጌጥ ማለት ሰው ችግሩን እንዲረሳ የሚሰጠው ማስታገሻ ነው፤ ጥበብ ከሆነ ይናገር፤ ስለ ሞት፣ ስለ መፈናቀል፣ ስለ ፍትሕ ይናገር። ሠዓሊው ይጠየቃል፣ ዘፋኙ ይጠየቃል፤ ሸማኔው ለምን ይታለፋል?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ችግሩ ያለው ጥለት እስከ ዛሬ ፖለቲካ ውስጥ አልነበረም፣ አሁን ይግባ ብሎ መነሣቱ ላይ ነው። ጥለት ከፖለቲካ ወጥቶ አያውቅም።

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከታች አባያና ጫሞ በሙቀት ተኝተዋል፤ ከላይ ጉም፣ እንሰት፣ ቀርከሃና ብርድ ነው። ዶርዜ ያለው እዚያ ነው። ሴቷ ጥጡን ትባዝታለች፣ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ወንዱ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ድሩን ወጥሮ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ይልካል። ጥጡ ራሱ ደጋ ላይ አይበቅልም፤ የቆላ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ሸማ ገና ሳይሸመን ቆላንና ደጋን ያገናኘ ንግድ አለበት።

ታዲያ የዶርዜ ሸማኔ እንዴት አዲስ አበባ ገባ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጀምረው። ከ1887ቱ የወላይታ ዘመቻ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የጋሞ ደጋ በምኒልክ ሠራዊት ሥር ሆነ። ከጦሩ ጋር ገባርነት መጣ፣ ግብር መጣ። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ፣ ግብሩ ደግሞ ግድ ሲሆን እጅ ላይ ያለ ሙያ ገንዘብ ማግኛ ሆነ። አዲስ ዋና ከተማ እየተቆረቆረ ነው፤ መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው ልብስ ይፈልጋል። ሸማኔው ወደ ሰሜን ተጓዘ። ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ዛሬ የሐበሻ ልብስ ገበያ የሆነው የዚያ ጉዞ ውጤት ነው። ያንን ነጭ ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚስም የአዲስ አበባ ሰው የለበሰው የአንድን ዘመቻ ማግስት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጨርቁ ላይ ግን ዘመቻ አልተሣለም፤ ጥለት ብቻ ነው ያለው።

በሄደበት አገር ሸማኔው የተቀበለው ስምም ሌላ ነበር። በጋሞ ደጋ ሽመና የሚያስንቅ ሥራ አልነበረም። (የሚናቁ ነበሩ፤ ሸክላ ሠሪዎቹና ቆዳ ፋቂዎቹ። ከእነሱ ጋር መጋባት ቀርቶ አብሮ መብላት ነውር የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ስለ ጋሞ አባቶች ሰላም ወዳድነት የሚጻፈው ሁሉ ይህችን ነገር ዝም ብሎ ሲያልፋት ይታያል።) በሰሜኑ ግን ሸማ ሠሪ ከብረት ቀጥቃጭ ጋር ተደምሮ የሚሰደብ ሰው ነበር። ስድቡ ያን ያህል አገር አቀፍ ስለነበር አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ልብ ይባል፤ ንጉሡ አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ ሰው ሸማኔውን እየሰደበ፣ የሸማኔውን ጥለት ግን ለክት ልብሱ ይመርጥ ነበር።

ሰው ደረጃውን የሚያሳየውም በዚያው ጥለት ነበር። ጃኖ የሚባለው ባለ ሰፊ ቀይ ጥለት ሸማ ዛሬ ለሠርግ ማንም የሚገዛው ነገር ሆኗል፤ ድሮ ግን ማንም ተነሥቶ የሚለብሰው አልነበረም፤ የመኳንንትና የተፈቀደለት ሰው ልብስ ነበር። አንድ ቀይ መስመር፣ ስፋቱ አንድ ስንዝር፣ ማን ማንን እንደሚያዝ ይነግራል። በጋሞም ዱንጉዛ የዘወትር ልብስ አልነበረም፤ የተከበረ ሰው፣ የበዓል ቀን ልብስ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ፖለቲካ ይፈለጋል?

እንግዲህ «ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል» የሚለው ተረት ዝም ብሎ ስለ ልብስ የተነገረ አይደለም። ነጠላ ያው ነጠላ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሲሆን በመስቀለኛ ያጣፉታል፤ ጌታ ፊት ሲቀርቡ ያደገድጉበታል፤ ለቅሶ ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፊትና አንገት ጋ ይሆናል። ከሩቅ ያየ ሰው ሳይጠይቅ ቤቱ ሐዘን እንዳለ ያውቃል። ሸማኔው ሞትን አልሸመነም። ለባሿ ናት ጥለቱን ገልብጣ ሞትን ያናገረችው። በመስከረም 2011 የተጠለሉት እናቶች ነጠላቸውን ሲገለብጡ ያው የደስታ ቀን ጥለት ነበር የሐዘን ቃል የሆነው።

ከዚህ የሚያስተምር አንድ ፈረንሳዊ አለ፤ ዳን ስፐርበር የሚባል አንትሮፖሎጂስት። ዶርዜ ውስጥ ኖሮ አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ተምሳሌት ባሳተመው መጽሐፍ ዶርዜን ዓለም አቀፍ ምሳሌ አድርጎታል። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን እንስሳ ነው፣ ጾም ይጾማል ይላሉ፤ ሆኖም ረቡዕና ዓርብ ከነብሩ ከብታቸውን ከመጠበቅ አይቦዝኑም። በዓል ሲሆን የተከበረ ሰው ራሱ ላይ ቅቤ ይደረጋል። ይህ ምን ማለት ነው ሲባሉ ወጋችን ነው ከማለት ያለፈ ፍቺ አይሰጡም። ስፐርበር ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ብዙ ምሁር አስቆጥቷል፤ ተምሳሌት እንደ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚፈለግ አንድ ፍቺ የለውም፤ ሥራው ሐሳብ መቀስቀስ ነው አለ።

ዛሬ ዶርዜ መንደር የሄደ ቱሪስት ግን ፍቺ ሳይሰጠው አይመለስም። ቀዩ ይህን ያመለክታል፣ ቢጫው ያንን፣ ጥቁሩ ደግሞ እንዲያ። አስጎብኚው ሲለወጥ ፍቺውም ይለወጣል። አስጎብኚውን መውቀስ አይገባም፤ እንግዳው መልስ ይዞ መሄድ ይፈልጋል። ነገር ግን «ጥለቱ ስለ ፖለቲካ ይናገር» የሚለው ተቺና «ይህ ቀለም ምን ማለት ነው» የሚለው ቱሪስት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ልብሱ ተነባቢ ጽሑፍ እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ።

ልብስን ጽሑፍ ለማድረግ የሞከረ አገር አለ። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጨርቅ ፋብሪካዎቿ አበባ ማተም ትተው ትራክተር፣ አውሮፕላን፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫና የመብራት አምፖል እንዲያትሙ ግፊት ታደርግ ነበር። ሐሳቡ ከላይ ሲያዩት የሚያስደስት ነው፤ አበባ የቡርዣ መዝናኛ ነው፣ ሠራተኛው የሚለብሰው የራሱን ትግል ይሁን። ንድፎቹን ያወጡት ወጣት አርቲስቶች ችሎታ አልነበራቸውም ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ሲታዩ ያምራሉ። ግን የተሰፉት ለሙዚየም አልነበረም፤ ለሰው ገላ ነበር። በ1933 ፕራቭዳ ራሱ፣ የፓርቲው ጋዜጣ፣ ከፊት ትራክተር ከኋላ ኮምባይነር ተሸክማ የምትሄድን ሴት እያነሣ ቀለደ። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ነገሩን አስቆመው። አበባው ተመለሰ።

ከዚያ ሃምሳ ዓመት በፊት ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ዊሊያም ሞሪስ ነበር። የግድግዳ ወረቀትና የመጋረጃ ጨርቅ ነዳፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 የሶሻሊስቶቹን ድርጅት ተቀላቀለ፤ አደባባይ ለአደባባይ እየዞረ ስለ ሠራተኛው መበዝበዝ የሚሰብክ ሰው ሆነ። በዚያው በ1883 ዓመት ከነደፋቸው ጨርቆች በጣም የታወቀው የሚያሳየው እንጆሪ የሚሰርቁ ወፎችን ነው። ሶሻሊስቱ ሰውዬ የተጨበጠ ቡጢ መንደፍ አልተሳነውም። ከልቡ የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነበር፤ ማን ሠራው፣ ሲሠራው ተደስቶ ነው ወይስ ተጨንቆ፣ ስንት ተከፈለው? ይህንን ጥያቄም በራሱ ላይ ያነሣው ዘግይቶ ነው። ለሥራው መነሻ የሆነው የቤተሰቡ ሀብት የመጣው አርሴኒክ ከሚያወጣ የመዳብ ማዕድን ነበር፤ እርሱ ራሱ የኩባንያው ዳይሬክተር ሆኖ አገልግሏል። የመጀመሪያዎቹ የግድግዳ ወረቀቶቹ አረንጓዴ ቀለም አርሴኒክ ነበረበት። ያን ቅጠል እያየ ዓይኑን ያሳርፍ የነበረ ሰው ሳያውቀው የማዕድን ሠራተኛውን መርዝ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ነበር።

ሌላ ወገን የለም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ቺሌ ውስጥ ፒኖቼ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው የጠፉባቸው ሴቶች ብጥስጣሽ ጨርቅ እየገጣጠሙ ሥዕል ይሰፉ ነበር። በደማቅ ቀለም፣ የልጅ ሥዕል በሚመስል መልክ፣ የታሰረውን፣ የተወሰደውን፣ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀውን ሠሩ። ከአገር በድብቅ ወጥቶ ዓለም አየው። ይህ ጌጥ ተናግሯል፤ ጋዜጣ ሲዘጋ እርሱ ጋዜጣ ሆኗል። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢባል፣ እነዚያ ሴቶች ማንም ጭብጥ አልሰጣቸውም። የሰፉት የራሳቸውን በር ነው። ሌላም ልዩነት አለ፤ ያ ጨርቅ የሚሰቀል እንጂ የሚለበስ አልነበረም።

ይህኛው ልዩነት ቀላል ይምሰል እንጂ ብዙ ነገር ይፈታል። ከእኛ ዘንድ አፍሪካ አዳራሽ አለ። አፈወርቅ ተክሌ በ1953 ዓ.ም. ለተመረቀው ለዚያ ሕንፃ 150 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን ባለ ቀለም መስተዋት ሠርቷል፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ። መስተዋት ጌጥ ነው፣ ብርሃን ማሳመሪያ ነው፤ ጭብጡ ግን ከዚያ በላይ ፖለቲካ ሊሆን አይችልም። ደግሞም ሠምሯል። ሁለት ዓመት ቆይቶ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። መስተዋቱ የቆመው ፖለቲካ ለመነጋገር የተሰበሰበ ሰው ፊት ነው፤ ከቦታው አይነቃነቅም። ዱንጉዛና ነጠላ ግን ከሰው ጋር የትም ይሄዳሉ። ልጅ ይታቀፍባቸዋል፣ ክርስትና ይነሣባቸዋል፣ ሙሽራ ይሸኝባቸዋል፣ እድር ይኬድባቸዋል። የቡራዩን እልቂት ጥለቱ ላይ ያስቀመጠ ዱንጉዛ ሠርግ ላይ ምን ያደርጋል? ሐዘኑንም ያረክሳል፣ ሠርጉንም ያበላሻል። ባዶ የሚመስለው ማዕዘን ግን ሁለቱንም ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ገና አልተነሣም። ዝም የሚል ጌጥ ለባለሥልጣን ይመቻል። ኅዳር 29ን ማየት ይበቃል። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ዕለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ለ19ኛ ጊዜ ሲከበር ተረኛዋ አርባ ምንጭ ነበረች። የበዓሉን ሥርዓት ሁሉም ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ ሕዝብ በልብሱ ይመጣል፣ ይጨፍራል፣ ካሜራ ይቀርጸዋል፣ ወደ አገሩ ይመለሳል። ጥያቄውን ግን ይዞ አይመጣም። የመሬት ጥበት፣ የሥራ እጦት፣ የዞንና የክልል ጭቅጭቅ በልብስ አይታይም። በዚያ መድረክ ላይ አንድ ሕዝብ ማለት አንድ ጥለት ነው። ለእንግዳ ባለሥልጣን ትከሻው ላይ የአካባቢው ልብስ ይደረግለታል፤ ልብሱ ስለማይናገር ባለሥልጣኑም ስለ ሸማኔው እንዲናገር የሚያስገድደው የለም። ጌጥ ማስረሻ ነው የሚሉት ሰዎች እዚህ ላይ እውነት አላቸው፤ ሊክዱት የሚሞክሩም ተሳስተዋል።

መድኃኒቱ ግን ጥለቱን ማናገር አይደለም። መፈክር የተሸመነበት ዱንጉዛ ባለሥልጣንን አያስፈራም፤ እንዲያውም ይበልጥ ይመቸዋል። ዛሬ «ሰላም» ተብሎ የተሸመነ ነገ በሌላ ቃል ይተካል፤ ልብስ የነበረው የደንብ ልብስ ሆኖ ያርፋል። ቃል የሌለው ጥለት ግን ለማንም አልተፈረመም። አዋጅ ቁጥር 654/2001 ሰንደቅ ዓላማው መሐል ዓርማ እንዲኖረው ካስገደደ ወዲህ ኮከብ የሌለው ሦስት ቀለም ጥለት በየአደባባይ በዓሉ ያስነሣው ጭቅጭቅ የሚታወስ ነው፤ ልብሳቸውን እንዲሸፍኑ ወይም እንዲያወልቁ የተጠየቁ ሰዎች ነበሩ። ከሸማኔው እጅ የወጣው ሦስት መስመር ነው፤ አንድ ፊደል አልጻፈም። ሆኖም ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ያንን መስመር አንብቧል። ጥለት ፖለቲካ እንዲናገር ከተፈለገ ለባሹና ከልካዩ ይበቁታል።

ሸማኔው ስለ ራሱ መናገር ያለበት ነገር ካለ ደግሞ ጥለቱ ላይ ሳይሆን ጉድጓዱ ውስጥ ነው የሚገኘው። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሕፃናት በግዳጅ የሚሠሩባቸውን ምርቶች ዝርዝር ያወጣል። ከኢትዮጵያ በዚያ ዝርዝር ላይ ስሙ የሰፈረ አንድ ምርት በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ነው። መንገዱን ጨንቻ ውስጥ የሚያውቀው ብዙ ነው። ዘመድ ወይም ደላላ ወደ ደጋው ይመጣል፤ ልጁን አዲስ አበባ ወስጄ አስተምረዋለሁ፣ ሙያም ይለምዳል ይላል። መሬት የሌለው አባት ያምናል፣ ወይም ለማመን ይገደዳል። ልጁ ከተማ ይገባል። ትምህርት ቤቱ ይቀርና ጉድጓዱ ይሆናል፤ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በደበዘዘ ብርሃን፣ ጀርባ እየጎበጠ። የሚሠራው ውብ ነው። ልጁ የሠራው ጥለት አዋቂ ከሠራው ጋር ቢቀመጥ የሚለየው ባለሙያ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ለብዙ ዓመታት ተጽፎበታል፣ ተጠንቷል፤ በየጊዜው ፕሮጀክት ይነደፋል፣ ስልጠና ይሰጣል፣ ተመላሽ ልጆች ይቆጠራሉ። መነሻው ግን ያው ከ1880ዎቹ ጀምሮ ያለው ነው። ደጋው ጠባብ ነው፣ ገበያው ሩቅ ነው፣ መሐል ላይ ያለው ደላላ ዋጋውን ይወስናል። ደርግ ሸማኔዎችን በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጅቶ ደላላውን ሊያስወጣ ሞክሮ ነበር፤ ማኅበሩ ሲዳከም ደላላው ተመለሰ። አሁን ደግሞ በማሽን የታተመ፣ ጥለት አስመሳይ ጨርቅ ከውጭ እየገባ ዋጋውን ከሥር ይሰብራል። ዋጋው በወረደ ቁጥር የሚቀጠረው እጅ ርካሽ መሆን አለበት። ከሁሉም ርካሹ የልጅ እጅ ነው።

ጥለቱ ይናገር የሚሉት ተቺዎች ይህንን እያዩ ሸማኔውን ተናገር ማለታቸው ግራ ያጋባል። በዝቅተኛ ዋጋ ለደላላ የሚያስረክብ ሰው ጭብጥ የመምረጥ ነፃነት የለውም፤ ገበያው ያዘዘውን ቀለም ነው የሚሸምነው። ፋሽኑ ወርቅማ ክር ሲፈልግ ወርቅማ፣ ሰማያዊ ሲፈልግ ሰማያዊ። አንድ የጋሞ ሸማኔ ተነሥቶ በራሱ ክር የመስከረም 2011ን ነገር እሸምናለሁ ቢል እንደ ቺሌዎቹ ሴቶች ማንም ሊከለክለው አይገባም፤ ምናልባት ትልቅ ሥራ ይወጣዋል። ያንን ለመሥራት ግን መጀመሪያ ለሁለት ወር የሚበላው፣ ክሩን በራሱ ገንዘብ የሚገዛበት አቅም ይፈልጋል።

በአማርኛ «ጥበብ» የሚለው ቃል ዕውቀትም ነው፣ ኪነትም ነው፣ በቀሚስ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ቀለም ጥለትም ነው። ሽሮ ሜዳ ሱቅ ውስጥ የሚሰማው ሦስተኛው ብቻ ነው። ገዢዋ ጥበቡን ወደ ብርሃን ታዞረዋለች፣ በጣቷ ትዳስሰዋለች። ቀለሙ ይለቃል ወይ ብላ ትጠይቃለች። በእጅ የተሠራ ነው ወይስ የማሽን ብላ ትጠይቃለች። በእጅ ነው ሲሏት ደስ ይላታል፤ ዋጋ ትቀንሳለች፤ ይስማማሉ። የማን እጅ እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ባለ ሱቁም ያልተጠየቀውን አይመልስም፤ ልብሱን አጣጥፎ በፌስታል ይሰጣታል።